በ1888 ስንቅ ጫካ ማደር፦ ምን ይገዛ፣ ምን ይቅር

ልጆች ይዞ እንደ ድሮ ሰው ድንኳን ተክሎ ለማደር ያሰበ ሰው መጀመሪያ ዕቃ ተራ መሄድ የለበትም። መጀመሪያ የሚበላውን ይወስን። ዕቃው ምግቡን ተከትሎ ይመጣል። ይህን የምለው ባህላዊ ዕቃ መሸጫ ገብተው ሸክላውን፣ መሶቡን፣ ቀንድ ዋንጫውን እየሰበሰቡ መኪና የሚሞሉ ቤተሰቦች ስለማይ ነው። ዕቃው ያምራል። ግን የቤት ዕቃ ነው። መንገደኛ የሚይዘው ሌላ ነው፤ ድሮም ሌላ ነበር።

እኛ ቤት የዓድዋ በዓል ሲደርስ መናገሻ ሱባ ጫካ እንወጣለን። ባለቤቴ፣ ሦስቱ ልጆቻችን፣ እናቴና እኔ። ደንባችን አጭር ነው። በ1888 ዓ.ም አንድ የሸዋ ቤተሰብ ሊኖረው የማይችል ነገር እሳቱ ዙሪያ አይቀርብም። ጋዝ ምድጃ፣ የፕላስቲክ ሰሃን፣ ፓስታ፣ የቲማቲም ድልህ ቤት ይቀራል። መድኃኒት፣ የእጅ ባትሪ፣ የመኝታ ከረጢትና የመጠጥ ውኃ ግን የዘመኑን ነው የምንይዘው። በልጅ ጤና ቀልድ የለም። ሱባ ወጨጫ ተራራ ላይ ያለ ጫካ ነው፤ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል።

ዓመቱን የመረጥነው በምክንያት ነው። የአጼ ምኒልክ የክተት አዋጅ የወጣው መስከረም 1888 ነው። የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወሎ ውስጥ ወረኢሉ እንዲገኝ ታዘዘ። አስቡት እንግዲህ። አንዲት እመቤት ስንቅ ለማዘጋጀት የነበራት ጊዜ አንድ ወር ገደማ ነው። ያውም ክፉ ቀን የተባለው ረሃብና የከብት እልቂት ካለፈ ገና ጥቂት ዓመት ነው። ብዙው ዘማች ስንቁን ከቤቱ ጭኖ ነው የወጣው። በአህያ፣ በበቅሎ፣ በጀርባው። ሴቶችም አብረው ዘምተው ውኃ ቀድተዋል፣ ጋግረዋል፣ ቁስለኛ አስታመዋል። የካቲት ሊያልቅ ሲል ዓድዋ ላይ ስንቁ እየተመናመነ ነበር። ልጆቼ ይህን ሲሰሙ በሶ መድፋት አቆሙ።

ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ስለ ስንቁና ስለ ጥቂት ዕቃዎች ነው። የተጠቀምኩበትን ብቻ ነው የማወራው። ዋጋ አልጠራም፤ ዛሬ የጠራሁት ሳምንት አይሠራም። ውድ ነው ወይም ርካሽ ነው ያልኩት ግን ከጎኑ ካለው ዕቃ ጋር ሲተያይ ነው።

በበሶ ልጀምር። ሁሉም ነገር ቢቀር በሶ አይቀርም። እሳት አይፈልግም፣ ድስት አይፈልግም፣ አይበላሽም። ውኃና ጨው ካለ ምሳ አለ። ልጆቼ «አበበ በሶ በላ» እያሉ ፊደል የቆጠሩ ናቸው፤ በሶ በእጃቸው ጨብጠው የበሉት ግን መጀመሪያ ሱባ ላይ ነው።

በሶ የሚገዛ ሰው ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው ሱፐርማርኬት በላስቲክ የታሸገው ነው። ሁለተኛው ገብሱን ከእህል በረንዳ ገዝቶ፣ አስፈትጎ፣ ቆልቶ፣ ወፍጮ ቤት ማስፈጨት ነው። የታሸገውን ከተለያየ ቦታ ገዝቼ ሞክሬያለሁ። አንዳንዱ ደህና ነው። አብዛኛው ግን ቆሎው ገርጥቶ ነው የሚፈጨው። ምላስ ላይ ዱቄት ዱቄት ይላል፣ ላንቃ ላይ ይለጠፋል። መለየቱ ቀላል ነው። ቆንጥራችሁ ያለ ውኃ አፋችሁ ውስጥ ጣል አድርጉ። ትኩስ ቆሎ ከሸተተ ግዙ። ጥሬ ሊጥ ሊጥ ካለ ተዉት። ቀለሙም ይናገራል፤ ጥሩ በሶ ጠይም ነው፣ ነጭ አይደለም።

እናቴ መንዝ ነው ያደገችው፤ የገብስ አገር ነው። በእሷ ሥርዓት ገብሱ እርጥበት ነክቶት ይሸከሸካል፣ ገለባው ይነፋል፣ ከዚያ በትንሽ በትንሹ ይቆላል። ምጣዱ ላይ እፍኝ ከበዛ ታቆመኛለች። «ልጄ፣ ከላይ ያለው ሳይበስል የታችኛው ያራል» ትላለች። እውነቷን ነው። ወፍጮ ቤት ስትሄዱ ደግሞ በርበሬ ከተፈጨበት ወፍጮ ራቁ። ወይም ባለወፍጮውን ጋሼ በሉና ተራችሁን ከጤፍ ቀጥሎ እንዲያደርግላችሁ ለምኑ። በርበሬ የነካው በሶ ለልጅ አይሆንም።

ለስድስት ሰው ለሁለት ሌሊት ሁለት ኪሎ በሶ ይበቃል፤ ይተርፋልም። ግማሹን በጨውና በትንሽ ሚጥሚጣ እናሽና ጭብጥ ጭብጥ እያደረግን እንበላለን። ግማሹን በማርና በውኃ በጥብጠን እንጠጣለን። ስኳር አንይዝም። ማሩን ከነሰፈፉ ብትገዙ ይሻላል፤ የተጣራው ውስጥ ምን እንደተደባለቀ በዓይን አይታወቅም።

ሽሮ ሁለተኛው ነው። ምጥን ሽሮ ሁሉን ነገር ይዞ ይመጣል፤ ቅመሙ፣ በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱ ውስጡ ነው። ውኃ፣ ጨውና የኑግ ዘይት ብቻ ይጠይቃል። ተራራ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከፍታ ላይ ውኃ ቶሎ ይፈላል፤ ግን ሙቀቱ ዝቅ ያለ ነው። በ2,500 ሜትር አካባቢ መቶ ሳይደርስ፣ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ስለዚህ ያልተከካ አተር ወይም ሽምብራ ይዛችሁ ብትሄዱ ልጆቹ በረሃብ ያለቅሳሉ፣ እንጨቱም ያልቃል። የተፈጨ ነገር ያዙ። ዘማቹም ሽሮ የሚወደው ለዚሁ ይመስለኛል።

የኑግ ዘይት ስትገዙ ከሚጨምቁት ሰዎች እጅ ብትገዙ ይመረጣል። ሽታው ሲከፈት ያውዳል። ጥቁረት ያለው ነው። ሽታ አልባ ሆኖ እንደ ውኃ የጠራ «ኑግ» ከቀረበላችሁ ተጠራጠሩ።

ቆሎ ተቆልቶ አትግዙ። ጥሬ ገብስና ሽምብራ ይዛችሁ እዚያው ቁሉት። የልጆች ሥራ ነው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ያለ ስልክ ያስቀምጣቸዋል። ዳቦ ቆሎ ቤት ውስጥ ቢሠራ ይሻላል፤ የሱቁ ስኳር ይበዛበታል። ድርቆሽ ደግሞ ከቀጭን እንጀራ የደረቀውን ፈልጉ። ሲሰበር ቀጭ ማለት አለበት። እየታጠፈ የሚሰበር ከሆነ ውስጡ እርጥብ ነው፤ በሁለተኛው ቀን ይሻግታል። ጾም ሳይሆን ስንወጣ ቋንጣ እንጨምራለን፤ በድርቆሽ ፍርፍር ላይ ሲገባ ሌላ ዓለም ነው። ጭኮም አለ፤ በሶ በቅመም ቅቤ የታሸ፣ ለሳምንታት የማይበላሽ። የኦሮሞ እናቶች ጥበብ ነው። የሚሠራ ሰው ካወቃችሁ አስቀድማችሁ እዘዙ።

ድንች ይፈቀድ አይፈቀድ በሚለው ላይ ቤት ውስጥ ክርክር ነበረን። ድንች አገራችን የገባው በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ነው ይባላል፤ ያስገባው ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ ነው። በ1888 ነበረ ማለት ነው፣ የዘማች ስንቅ ነበር ማለት ግን ይከብዳል። ለትንሿ ልጃችን ስንል ጥቂት አስገብተናል። ረመጥ ውስጥ ቀብረን እናወጣላታለን።

አሁን ዕቃ።

ከገዛኋቸው ሁሉ የምወደው ገበቴ ነው። ገበቴ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ የእንጨት ሳህን ነው፤ ጥሩው ከዋንዛ ነው የሚሠራው። በሶ ይታሽበታል፣ ሊጥ ይቦካበታል፣ ቆሎ ይቀርብበታል፣ ሲያልቅ ፊት ይታጠቡበታል። ቢወድቅ አይሰበርም። አንድ ገበቴ ሦስት ዕቃ ይተካል። ስትገዙ አገላብጣችሁ ከስር እዩት። የግንዱ እምብርት መሀል ላይ ክብ ክብ ሆኖ ከታየ፣ ሲደርቅ ከዚያ ነው የሚሰነጠቀው። አሽትቱት። ቫርኒሽ ከሸተተ ለግድግዳ የተሠራ ነው፣ ለምግብ አይሆንም። ቫርኒሽ ያልነካውን ገዝታችሁ የኑግ ዘይት ለብ አድርጋችሁ ቀቡት፤ ጠጥቶ እስኪጠግብ ደጋግሙለት። የኛ ገበቴ አሁን ጠቁሯል፣ ወዟል። ውኃ ሲፈስበት ይንከባለላል።

ሁለተኛው የብረት ምጣድ ነው። የሸክላ ምጣድ ለመንገድ አይሆንም፤ ይከብዳል፣ በመጀመሪያው ጉድጓድ ይሰነጠቃል። መርካቶ ምን አለሽ ተራ የሚቀጠቀጠውን ትንሽ የብረት ምጣድ ያዙ። እዚያ ያሉት ልጆች እጃቸው ወርቅ ነው። ከአሮጌ ብረት ሁሉን ነገር ያወጣሉ። አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ብረቱ ከምን እንደመጣ። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ፣ ማለትም የጣራው ዓይነት የሚያብረቀርቀው፣ እሳት ላይ ሲገባ መርዛማ ጭስ ያወጣል። ከኬሚካል በርሜል የተቆረጠውንም አልገዛም። ወፈር ያለ፣ ቀለም ያልነካው ጥቁር ላሜራ ነው የሚፈለገው። ልጁ እውነቱን ይነግራችኋል፤ ለልጆች ምግብ እንደሆነ ንገሩት ብቻ። እኔን «እናቴ፣ ይኼን አትውሰጂ» ብሎ ሌላ መርጦ ሰጥቶኛል። ቤት ስትደርሱ በደንብ አጥቡት፣ እሳት ላይ አግሉት፣ በጎመን ዘር አሟሹት። ቆሎ ይቆላበታል፣ ቂጣ ይጋገርበታል፣ ድስቱም ላይ ክዳን ይሆናል። ከሸክላው በብዙ ርካሽ ነው።

ድስት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አልሙኒየም ድስት ቀላል ነው፤ ግን በ1888 በሸዋ ቤት አይገኝም ነበር፣ ስለዚህ ለኛ ቀረ። ወፍራም ብረት ድስት ይከብዳል። እኛ የመረጥነው ትንሽ የሸክላ ድስት ነው፤ አንድ ብቻ። ሸክላ ለመንገድ አይሆንም ብዬ ድስት መያዜ ለምን ቢባል ሽሮው ነው። በሸክላ የበሰለ ሽሮ ከእሳት ወርዶም ይንተከተካል። ምሽቱ ሲቀዘቅዝ ምግቡ አይቀዘቅዝም። ለዚያ ስል አንድ አደጋ ላይ የሚጥል ዕቃ እይዛለሁ። በጋቢ ተጠቅልሎ በጭኔ ላይ ነው የሚሄደው።

ሸክላውን አዲስ አበባ ቀጨኔ ሰፈር ከሚሠሩት እናቶች እጅ ነው የምገዛው፤ እንድትገዙም እመክራለሁ። አስፋልት ዳር ከሚሸጠው የሚለየው ሠሪዋን ፊት ለፊት መጠየቅ መቻላችሁ ነው። የቱ በደንብ እንደተተኮሰ፣ የቱ ለወጥ፣ የቱ ለአበባ እንደሆነ ትነግራችኋለች። ድስቱን በአንድ እጅ አንጠልጥላችሁ በጣታችሁ ቋ አድርጉት። የጠራ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። የታፈነ ድምፅ ከሆነ የማይታይ ስንጥቅ አለው። ከዚያ ሳይሟሽ እሳት አይነካም። እኔ ዘይት ቀብቼ፣ ውኃ ሞልቼ፣ ዝቅ ባለ ከሰል ላይ አሳድረዋለሁ። ለዚህ ሥራ ሁለት ቀን ስጡት። ለጉዞው ዋዜማ ሸክላ የሚገዛ ሰው ጫካ ውስጥ ሽሮውን ከአመዱ ላይ ነው የሚለቅመው።

ዕቃ መያዣውን በተመለከተ አገልግል ለዳቦና ለድርቆሽ ጥሩ ነው። ቆዳው ዝናብ ይመልሳል፣ ስፌቱ ያስተነፍሳል። ክዳኑን ደጋግማችሁ ከፍታችሁ ዝጉት፤ ጠበቅ ማለት አለበት። ማሰሪያው ጠፍር መሆኑንም እዩ። አሁን አሁን በሙጫ የተለጠፈ የላስቲክ ቆዳ የለበሰ አገልግል በብዛት ይሸጣል። ፀሐይ ሲነካው ይላጣል፣ ሽታውም ምግብ ላይ ይቀራል። ስልቻና አቁማዳ ለእህል የዘመኑ ትክክለኛ ዕቃ ናቸው፤ ግን ለምግብ በሚሆን መንገድ የለፋ ቆዳ ማግኘት ከባድ ነው። ብዙው ይሸታል። እኛ መፍትሔው አቡጀዴ ሆነልን። አቡጀዴ በምኒልክ ዘመን በገበያው የታወቀ ጨርቅ ነው። እናቴ ከረጢት ከረጢት አድርጋ ሰፋችው፤ አንዱ ለበሶ፣ አንዱ ለሽሮ፣ አንዱ ለቆሎ። በላዩ ላይ በክር ምልክት አለው። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ይታጠባል። ከዚህ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ የአቡጀዴ ከረጢት ውሰዱ።

የመጠጫ ነገር። ቀንድ ዋንጫ ያምራል፤ የሚሸጠው ግን አብዛኛው በቀለም ያብረቀረቀ ነው፣ ለትኩስ ነገር አልደፍረውም። ልጆቹ በቅል ነው የሚጠጡት። ቅል አይሰበርባቸውም ማለት ይቻላል፣ እጅ አያቃጥልም፣ ላባ ያህል ይቀላል። አዲስ ቅል ይመራል። ውኃ እየሞላችሁ እያደረ ድፉት፤ ምሬቱ እስኪለቅ። ከዚያ በወይራ እጠኑት። የታጠነ ቅል ውስጥ ያደረ ውኃ ምን እንደሚመስል የገጠር ልጅ የሆነ ያውቀዋል።

ጀበና ላይ እናቴን የሚያሸንፍ የለም። እኔ ታሪኩን ነግሬያታለሁ። በዚያ ዘመን በሰሜኑና በሸዋ ክርስቲያን ዘንድ ቡና ገና እየተለመደ ነበር፤ ቤተ ክህነትም ለረጅም ጊዜ አትወደውም ነበር። በ1888 ዘማች ጓዝ ውስጥ ጀበና ነበረ ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም። እናቴ ሰምታ «እንግዲያው እኔ ከእስላም ጎረቤቴ ተምሬ ነው የመጣሁት በይ» አለችና ጀበናዋን ከነማቶቱ አሰረች። ስለዚህ ጀበና አለን። ለመንገድ አንገቱ አጭር፣ ሆዱ ሰፊ የሆነውን ምረጡ። ረጅም አንገት ያለው ነው ቶሎ የሚሰበረው።

አሁን ስለ ብርኩታ ላውራ። ምክንያቱም ይህ ሁሉ ዕቃ ቢቀር ልጆቹ የሚያስታውሱት እሱን ነው። ብርኩታ የወታደርና የእረኛ ዳቦ ነው። ምጣድ አይፈልግም። ድንጋይ ይግላል፣ ሊጥ ይጠቀለልበታል፣ ረመጥ ላይ ይጋገራል። ውስጡ ከድንጋዩ፣ ውጭው ከረመጡ ይበስላል።

ድንጋዩ መመረጥ አለበት። ከወንዝ ወይም ከረግረግ የወጣ ድንጋይ በፍጹም አትጠቀሙ። ውስጡ የገባው ውኃ ሲፈላ ድንጋዩ ይፈነዳል፤ ዓይን ያጠፋል። ደረቅ መሬት ላይ የከረመ፣ ጥቁር፣ ጠንካራ፣ ቀዳዳ የሌለው፣ የዶሮ እንቁላል ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ የሚል ድንጋይ ነው የሚፈለገው። እኛ ከቤት መርጠን፣ አጥበን፣ አድርቀን ነው የምንሄደው። ሲግልም ልጆቹን ራቅ አድርጌ ነው።

ሊጡ የገብስና የስንዴ ዱቄት ድብልቅ ነው። ጨው፣ ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት ጥቁር አዝሙድ። ጠንከር ብሎ ይታሻል። ከቀጠነ ድንጋዩ ላይ አይይዝም፣ ይንሸራተታል። እናቴ መጀመሪያ የጋለውን ድንጋይ በሁለት እንጨት ይዛ አመዱን ታራግፋለች። ከዚያ መዳፏ ላይ የዘረጋችውን ሊጥ ትጠቀልልበታለች። በዚያች ቅጽበት ከውስጥ ጭስስ የሚል ድምፅ ይሰማል። ሊጡ ከውስጥ መብሰል የጀመረበት ነው። እጇ አይቃጠልም፤ ሊጡ ሁለት ጣት ያህል ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱ እስኪደርስ ጊዜ አለ። አገጣጥማ ትደፍነውና ረመጡ ዳር ታስቀምጠዋለች። ሲያገላብጡት ቅርፊቱ እየጠየመ፣ እየጠነከረ ይሄዳል። የበሰለ እንደሆነ በጣት ሲያንኳኩት ይታወቃል።

ሲገመስ እንፋሎቱ ቡፍ ይላል። ድንጋዩ መሀሉ ላይ ቁጭ ብሏል። ድንጋዩን የነካው የውስጡ ፊት ቀጭን ቡናማ ቅርፊት አለው። ከሁሉ የሚጥመው እሱ ነው፤ ልጆቼ የሚጣሉበትም እሱ ነው። ትልቁ ልጄ «እማማ፣ ድንጋዩ የኔ ነው» ይላል፤ ዙሪያው የተጣበቀውን ፍርፋሪ ለመላስ። በሽሮም ይበላል፣ በማርም ይበላል።

ለብርኩታ ረመጥ ያስፈልጋል፤ ረመጥ ደግሞ በእንጨቱ ነው። ባሕር ዛፍ ነበልባል ይበዛዋል፣ ረመጡ ግን ቶሎ አመድ ይሆናል። ወፈር ያለ የተፈለጠ ግንድ ያዙ፣ ቅርንጫፍ አይሆንም። እኛ ጥቂት የግራር ከሰል እንጨምርበታለን። እንጨቱን ከመንገድ ዳር ሻጮች ገዝተን ነው የምንገባው። ከሱባ ጫካ አንድ ጭራሮ አናነሳም። ያ ጫካ ከአጼ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ የተጠበቀ ነው ይባላል፤ የጽዱ ዘር ወፍ ዋሻ ከሚባለው የሰሜን ሸዋ ጫካ መጥቶ እንደተተከለ ይተረካል። ጽዶቹን ቀና ብሎ ያየ ሰው እንጨት መልቀም አያምረውም። እሳትም ጥበቃዎቹ ባሳዩን ቦታ ብቻ ነው የምናነደው። የካቲት በጋ ነው፤ ሣሩ ደርቋል፣ ነፋስ አለ። ጉልቻው ዙሪያ መሬቱን እንጠርጋለን፣ ባልዲ ውኃ ከጎን ይቀመጣል፣ ስንተኛ እሳቱ በውኃና በአፈር ይጠፋል። ይህን የማያደርግ ሰው ጫካ ባይገባ ደስ ይለኛል።

አንድ ቅሬታ አለኝ። «የድሮ ጉዞ ሙሉ ዕቃ» እያለ በሣጥን የሚሸጥ ሱቅ ነበር፤ ለአማቼ ስጦታ ገዛንላት። ቀለም የተቀባ ጀበና፣ ቫርኒሽ የጠጣ ገበቴ፣ ከላስቲክ ቆዳ የተሠራ አገልግል፣ የታሸገ በሶ። ሁሉም ለፎቶ ነው። ጀበናው ውኃ ሲፈላበት ቀለሙ ለቀቀ። ደውለን ስንነግራቸው «እሱ እኮ ለጌጥ ነው» አሉን። ሣጥኑ ላይ ግን ቡና የምትቀዳ ሴት ሥዕል አለ። የከፈልነው ገንዘብ ከላይ የዘረዘርኩትን ሁሉ ከየተራው ገዝቶ የሚተርፍ ነበር። ለምግብ የማይሆን ዕቃ ለምግብ አይሆንም ተብሎ ይጻፍበት። ልጆች የሚጠጡበት ነው።

ጾሙን ሳላነሳ አላልፍም። የዓድዋ ጦርነት ቀን በዐቢይ ጾም ውስጥ የዋለ ነበር፤ የ1888 ትንሣኤ መጋቢት 28 ነበርና ጾሙ የካቲት 3 ገብቷል። በዓሉ ብዙ ዓመት ከጾም ጋር ይገጥማል። ስለዚህ የኛ የየካቲት ጓዝ ቅቤም ቋንጣም የለውም። በቅቤ ፋንታ የኑግ ዘይት፣ በወተት ፋንታ ተልባ። ተልባውን ቆልታችሁ አስፈጭታችሁ በአቡጀዴ ያዙ፤ በቀዝቃዛ ውኃና በማር ሲበጠበጥ ልጆች ይወዱታል። ሱፍ ፍትፍትም አለ፤ ግን ሱፉን መጭመቅ ጫካ ውስጥ ጣጣ ነው። እቤት ጨምቃችሁ ለመጀመሪያው ምሳ ብቻ ያዙ፤ ብዙ ሰዓት አይቆይም።

ዝግጅቱን ሳምንት ቀድማችሁ ጀምሩ። ሰኞ ቅሉን ውኃ አሳድሩት። ማክሰኞ ገብስ ይገዛ፣ ረቡዕ ይቆላ፣ ሐሙስ ይፈጭ። ሸክላው በዚያው መሀል ይሟሻል። ገበቴው ዘይቱን ይጠጣል። ድንጋዩን ልጆቹ ይምረጡ፤ እናንተ ግን ከወንዝ ዳር አለመልቀማቸውን አጣሩ። የእህል በረንዳዋ እትዬ ገብሱ ለበሶ መሆኑን ከነገራችኋት ነጩን ከታች አውጥታ ትሰጣችኋለች፤ ዝም ካላችኋት ግን ከላይ ያለውን ነው የምትሰፍረው።